እንቢ ባይ መለኪያ

በአማርኛ «መሣሪያ» የሚለው ቃል «ሠራ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ሁለት የተራራቁ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል፤ አንደኛው እንደ መዶሻ፣ እንደ ሞረድና እንደ መሮ ያለው ሥራ የሚሠራበት ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ታጥቆት የሚዞረውና የሚተኮሰው ነው። «እገሌ መሣሪያ አለው» ሲባል ሰውየው አናጢ ይሁን ታጣቂ የሚለየው በንግግሩ ዐውድ እንጂ በቃሉ አይደለም። መዝገበ ቃላት ይህን እንደ ተራ የትርጉም መደራረብ ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ያረጀ የጠመንጃ ቱቦ ነቅሎ በቤቱ አዲስ ሊተክል በተነሣ ጊዜ መደራረቡ ጥያቄ ይሆናል፤ በመሣሪያ የሚሠራው ራሱ መሣሪያ ስለሆነ የፊተኛው ጉድለት በኋለኛው ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያልና። ነገሩ ግራ እንዳያጋባ በዚህ ሐተታ «መሣሪያ» የተባለው የእጅ ሥራ ዕቃው ብቻ ነው፤ የሚተኮሰው «ጠመንጃ» ይባላል። «ቱቦ» የተባለውም በተለምዶ አፈሙዝ እየተባለ የሚጠራው ረጅሙ የብረት ክፍል ነው፤ አፈሙዝ በትክክለኛ ፍቺው ጥይቱ የሚወጣበት ጫፍ ብቻ ነውና።

ቱቦን በቤት የመለወጥ ልማድ በዋናነት የአሜሪካ ነው፤ ምክንያቱም ሕጋዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የዩናይትድ ስቴትስ የጠመንጃ ቁጥጥር ሕግ «ጠመንጃ» ብሎ የሚያውቀው መቀርቀሪያውንና የመተኮሻ ክፍሎቹን የሚያቅፈውን የብረት አካል፣ እዚህ «ገላ» የምንለውን ነው፤ መለያ ቁጥሩ የሚታተመውም በእርሱ ላይ ነው። ቱቦው በፌዴራሉ ሕግ ፊት እንደ መኪና መለዋወጫ ያለ ዕቃ ስለሆነ በፖስታ ታዝዞ ደጃፍ ድረስ ይመጣል። በጀርመን ግን ቱቦው ራሱ ፈቃድ የሚጠየቅበት ዋና ክፍል ነው። ፕሉታርክ የጻፈላት የቴሴዎስ መርከብ ጣውላዋ ሁሉ ሲለወጥ ያችው መርከብ ናትን የሚለው የፈላስፎች ክርክር በአሜሪካ ሕግ አጭር መልስ አግኝቷል፤ ቁጥር የተመታበት ቁራጭ እስካለ ድረስ ያችው ናት። ለተኳሹ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እርሱ ጠመንጃዬ የሚለው ኢላማ መምታቱን ነው፣ ያንን የሚወስነው ደግሞ ቱቦው ነው፤ ቱቦው ግን አላቂ ነው። የባሩዱ ትኩስ ጋዝ የቱቦውን ውስጠኛ ጠመዝማዛ ቦይ ከሥሩ እየላሰ ይበላዋል፤ እንደ ጥይቱ ዓይነት ከአንድና ከሁለት ሺህ ተኩስ በኋላ፣ አንዳንዱም ከአምስት ሺህ በኋላ፣ ጥይቱ መበተን ይጀምራል።

ኢትዮጵያውያን ከቱቦና ከገላ መጋጠሚያ ታሪክ ጋር ሳያውቁት የተዋወቁት ከመቅደላ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ይዞት የመጣውና በአማርኛ «ሰናድር» የተባለው ጠመንጃ አዲስ ፍጥረት አልነበረም፤ በአፉ ይጎርስ የነበረው የእንግሊዞች ኤንፊልድ ቱቦው ከኋላው ተቆርጦ፣ በጎኑ የሚከፈት አዲስ የጥይት ማጉረሻ በጥርስ ተጠምዝዞ የተገጠመለት ነው። ስሙም የወጣው ይህን አሠራር ካቀረበው አሜሪካዊ፣ ከጄኮብ ስናይደር ነው። አሮጌ ቱቦ ከአዲስ ገላ ጋር በብሎን ጥርስ ተጋብቶ የዘመን ለውጥ ሲያመጣ ይህ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ነው፤ ግን ያ የተሠራው በመንግሥት ፋብሪካ ነው፣ ሥራውን ከሠራው ሰው ሌላ የሚመረምር ዓይን ባለበት ቤት። የዚህ ሐተታ ጥያቄ የሚነሣው ያ ሌላ ዓይን በሌለበት ስፍራ ነው።

ቱቦ ለመለወጥ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ሲታዩ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ኃይል የሚሰጥ ነው፤ ቱቦውን ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳና ገላውን የሚያዞር ቁልፍ በዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ወገን ምንም ኃይል የማይሰጥ፣ ያለውን ብቻ የሚናገር መለኪያ ነው። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡንም ጭንቀቱንም በፊተኛው ላይ ያውላል፤ ሞርሳው ከባድ ነው፣ ያበራል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲታሰር ሥራ የተጀመረ ይመስላል፤ መለኪያው ግን ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብረት ነው። ይህ የምርጫ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው፤ ከዚህ በታች የሚቀርበው ሙግትም ይኸው ነው።

የኃይል መሣሪያ ጉድለት በአመዛኙ ራሱን ያጋልጣል። ሞርሳው ቱቦውን በደንብ ካልያዘው ቱቦው ይሾራል፣ ሲሾርም ይጫራል፣ ጭረቱም ይታያል። ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው፤ በሞርሳው መንጋጋዎች መካከል የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ማቀፊያ ይገባል፣ በማቀፊያውና በቱቦው መካከል ደግሞ የጥድ ሙጫ ዱቄት ይነሰነሳል፤ የማሲንቆ ተጫዋች ደጋኑን ሙጫ የሚያስነካው ጭራው አውታሩን እንዲይዝለት እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም ሙጫው ልስልስ ነገርን ያስጨብጣል። እጀታው ካጠረ በላዩ ቧንቧ ሰክቶ ማርዘም ይቻላል፤ የአዲስ አበባ ጋራዦች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። (በነዚሁ ጋራዦች «ሞርሳ»፣ «ዳዶ»፣ «ካቻቪቴ» የሚባሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸው የሚነግረው ነገር አለ፤ ዕቃው ስሙን ይዞ ይመጣል፣ ዕቃውን የመጠራጠር ልማድ ግን አብሮ አይመጣም።) ከኃይል መሣሪያዎች አንዱ ብቻ ይህን ደንብ ያፈርሳል፤ ገላውን የሚያዞረው ቁልፍ በተሳሳተ ቦታ ከያዘ፣ ለምሳሌ ከፊት ለፊቱ ወፍራም ቀለበት ይልቅ ስስ በሆነው ወገቡ ላይ ካረፈ፣ ገላውን በዓይን በማይታይ መጠን ሊያጣምመው ይችላል። ስለዚህ ለሞርሳ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለዚህ ቁልፍ የሚወጣው ይበልጥ ይጸድቃል።

የመጠምዘዣ ኃይልን የሚለካው ቶርክ ቁልፍ በሁለቱ ወገኖች መካከል የቆመ ነው፤ ኃይል ይሰጣል፣ ቁጥርም ይናገራል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የሚለው ሌላ፣ ሰሚው የሚሰማው ሌላ ነው። ቁልፉ የሚለካው እጀታው ለመዞር ምን ያህል እንደተቃወመ ነው እንጂ ሁለቱ ብረቶች ምን ያህል እንደተጣበቁ አይደለም፤ በተለመደው የመሐንዲሶች ግምት ከተሰጠው ኃይል ዘጠኝ አስረኛው በሰበቃ ይጠፋል፣ ብሎኑን በትክክል የሚወጥረው አንድ አስረኛው ነው። በጥርሱ ላይ ግራሶ ከተቀባ ያው ቁጥር ሌላ ውጥረት ይሰጣል። ደግነቱ እዚህ ላይ ሥራው ራሱ ለጋስ ነው። ኤአር-15 በሚባለው ጠመንጃ ቱቦውን የሚያስረው ዳዶ ከ30 እስከ 80 ፉት-ፓውንድ፣ በሜትሪክ ልኬት ከ41 እስከ 108 ኒውተን-ሜትር ገደማ ድረስ እንዲጠብቅ ይፈቀዳል፤ የላይኛው ወሰን ከታችኛው ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ሰፊ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ የዳዶው ጥርሶች የጋዝ ማስተላለፊያው ቀጭን ቧንቧ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ጋር መገጣጠም ስላለባቸው ሠራተኛው እስኪገጥሙለት ድረስ ጥቂት እንዲያጠብቅ ቦታ ተትቶለታል።

ልግስናው የሚያበቃው በጥይቱ ማደሪያ ደጃፍ ነው። ጥይት ሲጎርስ ቀለሃው፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው የናስ ቅርፊት፣ በቱቦው ሥር ባለው ማደሪያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከኋላው መቀርቀሪያው ይዘጋበታል። ከመቀርቀሪያው ፊት አንስቶ የቀለሃው ትከሻ በማደሪያው ውስጥ እስከሚደገፍበት ነጥብ ድረስ ያለው ርቀት የሥራው ሁሉ ልብ ነው። ርቀቱ ካነሰ መቀርቀሪያው አይዘጋም፣ ወይም በግድ ይዘጋል። ከበዛ ግን መቀርቀሪያው በደስታ ይዘጋል፣ ጠመንጃውም ይተኩሳል፣ የሚተኩሰው ሰውም ምንም አይሰማውም፤ በዚያች ቅጽበት ግን ቀለሃው ክፍተቱን ለመሙላት ይለጠጣል፣ ተለጥጦም ከሥሩ ሊቀደድ ይችላል። ለ.308 ዊንቸስተር ጥይት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች 62,000 ፓውንድ ነው፤ የአንድ የቤት መኪና ጎማ ከ30 ትንሽ ከፍ ያለ ይይዛል። ሁለት ሺህ ጎማ የሚያህል ግፊት ያለበት ጋዝ ከተኳሹ ጉንጭ ጥቂት ጣቶች ያህል ርቆ መውጫ ሲፈልግ፣ የሚያግደው ስስ ናስና በትክክል የተለካ ርቀት ብቻ ነው።

ይህን ርቀት የሚለካው መሣሪያ ቁጥር የማይናገር መሆኑ ይገርማል። ጥይት የሚመስል፣ የጠነከረ ብረት ነው፤ ሁለት ሆኖ ይሸጣል፤ አንዱ «ሂድ»፣ ሌላው «አትሂድ» ይባላል። ለዚሁ ለ.308 ጥይት «ሂድ» 1.630 ኢንች፣ «አትሂድ» 1.634 ኢንች ነው፤ ልዩነታቸው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ነው፣ የሰው ጠጉር ውፍረትን ጥቂት የሚያልፍ። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፤ ከመቀርቀሪያው ላይ ቀለሃ የሚስቡትና የሚያስፈነጥሩት ክፍሎች ይወልቃሉ፣ ምክንያቱም የእነርሱ ስፕሪንግ የሚያሳድረው ተቃውሞ የመለኪያውን ተቃውሞ መስሎ ያታልላል፤ መለኪያው በማደሪያው ይቀመጣል፤ መቀርቀሪያው በሁለት ጣት ብቻ፣ ያለ ክንድ፣ ይወርዳል። በ«ሂድ» ላይ ከራሱ ክብደት ባልበለጠ ግፊት መዘጋት አለበት። በ«አትሂድ» ላይ ሙሉ በሙሉ ከመዘጋቱ በፊት መቆም አለበት፤ መቆሙም ለስላሳ ሳይሆን ድንጋይን እንደነካ ጣት ደረቅ ነው። ያን ጊዜ በጉልበት መጫን መለኪያውንም ማደሪያውንም ያበላሻል።

ፈላስፋው ሃይዴገር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው «ህላዌና ጊዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ በደንብ የሚሠራ መዶሻ ለሠራተኛው እንደማይታየው፣ በሥራው ውስጥ እንደሚሰወር፣ ጎልቶ የሚታየው ሲሰበር ወይም ሲጎድል እንደሆነ አስተምሯል። ለሞርሳና ለቁልፍ ይህ ልክ ነው። «አትሂድ» መለኪያ ግን ከዚህ ትንታኔ ያፈነገጠ ይመስላል፤ በትክክል ሲሠራ ሥራውን ያስቆማል፣ በተሳሳተ ጠመንጃ ላይ ግን መቀርቀሪያው ያለ እንቅፋት ስለሚዘጋበት ይሰወራል። ከግንበኛ ቱንቢ ጋር ዝምድና ያለውም በዚህ ነው፤ ቱንቢ ግድግዳ አይሠራም፣ ድንጋይ አያነሣም፣ ጠማማውን ጠማማ ከማለት በቀር ሙያ የለውም፤ ነቢዩ አሞጽ ቱንቢን የፍርድ ምልክት አድርጎ ማየቱም አያስደንቅም።

እንዲህ ዓይነቱ መለኪያ የተወለደው ካለመተማመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 በፓሪስ የአሜሪካ መልእክተኛ የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን አኖሬ ብላን የተባለው ፈረንሳዊ የሠራቸውን የጠመንጃ ማቀጣጠያ ክፍሎች ከየክምሩ እንደ እጁ አንስቶ ራሱ ገጣጠማቸው፣ ገጠሙለትም፤ ይህንንም ወደ አገሩ ጻፈ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጠመንጃ በአንድ ባለእጅ ሞረድ እየታረመ የሚያልቅ ነበርና የአንዱ ክፍል ለሌላው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1798 አሜሪካዊው ኢላይ ዊትኒ 10,000 ጠመንጃ በሁለት ዓመት ሊያስረክብ ተዋውሎ የመጨረሻውን ያስረከበው በ1809 ነው፤ ዘመናት ሙሉ የተለዋዋጭ ክፍሎች አባት ተብሎ ሲወደስ ከኖረ በኋላ የታሪክ ተመራማሪው ሮበርት ዉድበሪ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጥናት ያ ዝና በአብዛኛው አፈ ታሪክ መሆኑን አሳየ፤ የዊትኒ ጠመንጃዎች ክፍሎች እርስ በርሳቸው አይለዋወጡም ነበር። ነገሩን በእውነት የፈጸመው ብዙም የማይታወቀው ጆን ሆል ነው። በሃርፐርስ ፌሪ የመንግሥት ፋብሪካ ሆል ለየክፍሉ መለኪያ ሠራ፤ ሲሚዮን ኖርዝም በኮኔቲከት በእነዚያው መለኪያዎች አምሳያ እየሠራ እ.ኤ.አ. በ1834 ከሆል ጠመንጃዎች ጋር የሚለዋወጡ ጠመንጃዎችን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ፍርዱ ከሠራተኛው ዓይን ወጥቶ ወደ ብረቱ ገባ፤ መለኪያውን የያዘው መርማሪ የሠራተኛውን ሙያ፣ ልምድና መሐላ መስማት አላስፈለገውም። ባለእጅ በሞረዱ የሚመካበት ክብር በዚያ ብረት ምክንያት መውደቁም አይካድም።

በቤት ውስጥ ይህ ታሪክ እንግዳ መልክ ይይዛል። መርማሪ ሠራተኛውን ለመጠርጠር የያዘው ዕቃ አሁን በሠራተኛው በራሱ እጅ ነው፤ ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ሰው ነው፣ ምስክር ብቻ ከውጭ ተገዝቶ ገብቷል። ፕላቶን በ«ክራቲለስ» የሸማኔን መወርወሪያ ደግነት የሚያውቀው የሠራው አናጢ ሳይሆን የሚሠራበት ሸማኔ ነው ይላል። ሸማኔው መወርወሪያው ቢጠምበት የሚያጣው ጥቂት ክር ነው። ጠመንጃን ግን ተጠቃሚው በመጠቀም ከዳኘው ፍርዱ የሚመጣው ከተኩሱ ጋር ነው፤ ስለዚህ ፍርዱ ከአጠቃቀሙ በፊት እንዲቀድም የሚያደርግ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

የጠመንጃው ንድፍ ይህን ነገር ያወሳስበዋል። የተለመደው ንድፍ ቱቦው ትከሻ ኖሮት በገላው ላይ እስኪጋጭ የሚጠመዘዝበት ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ርቀቱን የሚወስነው በቶርኒዮ የሚላጨው ብረት ስለሆነ ቶርኒዮ የሌለው ሰው ብዙ የሚያደርገው የለም። ሳቬጅ የተባለው ኩባንያ ግን ኒኮላስ ብሩወር የነደፈውን ሞዴል 110 እ.ኤ.አ. በ1958 ሲያወጣ ትከሻውን በዳዶ ተካው፤ ቱቦው ወደፈለጉት ጥልቀት ይጠመዘዛል፣ ዳዶው ከፊት መጥቶ በዚያው ያስረዋል። ዘዴው በፋብሪካ ወጪን ለመቀነስ የተበጀ ነበር፤ ሳይታሰብ ግን ለቤት ሠራተኛ ነጻነት ሰጠ። አሠራሩም «ሂድ» መለኪያን ማደሪያው ውስጥ አስገብቶ፣ መቀርቀሪያውን ዘግቶ፣ ቱቦው መለኪያውን እስኪነካ መጠምዘዝና ዳዶውን ማጥበቅ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ርቀቱ የተበጀው በ«ሂድ» መለኪያ ከሆነ፣ በዚያው በ«ሂድ» መልሶ መፈተሽ ምንም አይመሰክርም፤ ሻጋታውን ምስክር አድርጎ እንደመቁጠር ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ደግሞ በጥርሶቹ መካከል የነበረውን ላላነት ወደ ፊት ስቦ ስለሚወስደው ርቀቱ በጥቂቱ ይሰፋል። ይህን መስፋት ሊናገር የሚችለው በሥራው ያልተሳተፈው «አትሂድ» ብቻ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ አንዱን መለኪያ ብቻ የሚገዙ ሰዎች የሚተዉት ብዙ ጊዜ እርሱን መሆኑ ያሳዝናል፤ የሚተዉት ከሥራው ጋር ያልተዛመደውን ብቸኛ ምስክር ነውና።

ለእርሱ ምትክ የሚሆን የድሃ ዘዴ አለ፤ በ«ሂድ» መለኪያው ግርጌ ላይ ቀጭን የፕላስተር ቁራጭ መለጠፍ። የቁራጩ ውፍረት ተጨምሮ መለኪያውን ያረዝመዋል፣ መቀርቀሪያው ካልተዘጋ ሠራተኛው ይረካል። አርስጣጣሊስ በ«ኒቆማኪያ ሥነ ምግባር» አምስተኛ መጽሐፍ የሌስቦስ ግንበኞች የሚገለገሉበትን የእርሳስ መለኪያ ያነሣል፤ መለኪያው እየተጎነበሰ የድንጋዩን ቅርጽ ይከተላል፣ ፈላስፋውም ይህን የርትዕ፣ ማለትም ደረቅ ሕግን ከጉዳዩ ጋር የሚያስማማ ፍትሕ፣ ምሳሌ አድርጎታል። ለሰው ጉዳይ ምሳሌው ያምራል። ፕላስተር ግን የእርሳሱ መለኪያ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲጫኑት ይጨመቃል፣ የሚጨመቀውም እንደ ተጫኛው እጅ ነው፤ የተጫኛውም እጅ ሥራው ተሳክቶ ማየት ይፈልጋል። ለብረት ርትዕ የለም። ይህ ዘዴ ሁለት ምሽት ለደከመ ሰው የተበጀ ማጽናኛ እንጂ መለኪያ አይደለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአውሮፓ ብዙ አገሮች ይህ የምስክር ጉዳይ ለግለሰብ አልተተወም። በለንደን የጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር የንጉሥ ቻርተር ካገኘበት ከእ.ኤ.አ. 1637 አንስቶ፣ በበርሚንግሃም ደግሞ በ1813 ከተቋቋመው ቤት ጀምሮ፣ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ለመንግሥት በታወቀ የመፈተኛ ቤት ከመጠን በላይ በተጎረሰ ጥይት ይተኮስበታል፤ ካልፈነዳና ካልላላ ማኅተም ይመታበታል። ዛሬ በመፈተኛ ቤቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ለረጅም ጠመንጃ የመፈተኛው ግፊት ከተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በ25 በመቶ ይበልጣል። አሜሪካ እንዲህ ያለ ግዴታ የላትም። የቤት ሠራተኛው የሚያደርገው ጠመንጃውን በአሮጌ የመኪና ጎማ ላይ አስሮ፣ በቃታው ገመድ አስገብቶ፣ ከግድግዳ ወይም ከዛፍ ኋላ ሆኖ መሳብ ነው። በተራ ጥይት የሚደረገው ይህ ሙከራ የሚናገረው ዛሬ አለመፈንዳቱን ብቻ ነው፤ ማሰሪያው ጎማም ማኅተም አይመታም።

ከተኩሱ በኋላ ግን አንድ ነገር በእጅ ይቀራል፤ ቀለሃው። በማደሪያው ውስጥ በሺህኛ ሰከንድ የሆነውን ሁሉ ያየ እርሱ ነው፣ ናሱም ያየውን ይይዛል። ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሚያበራ ቀጭን ቀለበት ከታየ መለጠጡን ይጠቁማል፤ ነገር ግን ቀለበት ሌላም መነሻ ሊኖረው ስለሚችል ልምድ ያላቸው ሰዎች ውጩን ብቻ አይተው አይፈርዱም። የወረቀት መያዣ ሽቦ ይቀናል፣ ጫፉ በአንድ ሚሊሜትር ያህል እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፣ በቀለሃው አፍ ይገባና ጫፉ የውስጡን ግድግዳ እየነካ ከግርጌ ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይሳባል። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ርካሹ ይህ ነው፤ ቁጥር የለውም፣ «ሂድ» ወይም «አትሂድ» አይልም፣ የሚሠራውም ጣት ሲሰማው ብቻ ነው። የሽቦው ጫፍ ያለ እንቅፋት ከወጣ ቀለሃው ከሌሎቹ ጋር ወደ ሣጥኑ ይገባል። ከግርጌው ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ በተቦረቦረ ቦይ ላይ ቢደናቀፍ፣ ሽቦው ወጥቶ ሌላ ቀለሃ ይነሣል፣ ከዚያም ሌላ፤ ሦስቱም በአንድ ቦታ ላይ ካደናቀፉ ሞርሳው እንደገና ይከፈታል፣ የጥድ ሙጫውም ከመደርደሪያው ይወርዳል።